ጋሽ አበጀን ያሸነፍኩበት ቅዳሜ

ልመካ ነው፤ የማይወድ ጆሮውን ይያዝ። ከሬንተን እስከ ኤቨረት ባለው ሐበሻ መካከል እስከ ዛሬ ከተደረጉት የፒክ ንግዶች ሁሉ ትልቁን ያደረግኩት እኔ ሐሴት ዘካሪያስ ነኝ። ያኔ ዕድሜዬ አሥር ነበር፤ አንድ የክራንቻ ጥርሴ ወልቆ ገና አልተተካም። ያሸነፍኩት ደግሞ ጋሽ አበጀን ነው። እሱን የማያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ዝም ብሎ ያልፋል። የሚያውቀው ግን "የትኛውን አበጀ? የኤቨረቱን?" ብሎ ይቆማል። ሰውየው መኪና ሊገዛ ሄዶ ሲከራከር ሻጩ ነው አሉ ይቅርታ ጠይቆ የወጣው።

ስለ ጨዋታው ባጭሩ ልንገራችሁ። ጋሽ ሙሉአለም አሥራ አንድ ዓመት ሜልቦርን ኖሮ ሚስቱን ተከትሎ ወደ ሲያትል ሲመጣ ከሻንጣው አንድ ሞላላ ቀይ ኳስ አወጣ። ጨዋታው የአውስትራሊያ ፉቲ ይባላል። ኳሱ በእግር ይለጋል፣ በቡጢ እየተመታ ለጓደኛ ይሰጣል፣ አንዳንዴም ሰው ትከሻ ላይ ተወጥቶ አየር ላይ ይቀለባል። ግቡ አራት ቋሚ ነው፤ መረብ የለው፣ በረኛ የለው። መጀመሪያ ሰው ሁሉ ሳቀበት። "ይሄ ኳስ ነው ፓፓያ?" አሉት። በዓመቱ ግን ሬንተን፣ ሲያትል፣ ሬድመንድና ኤቨረት አራት ቡድን አቁመው ቅዳሜ ቅዳሜ ፓርክ ውስጥ ዘጠኝ ለዘጠኝ ይፋለሙ ጀመር። በመጀመሪያው ወር ሦስት ጣት ተሰበረ። ከዚያ ወዲያማ ማን ያቁማቸው!

በየዓመቱ ኤፕሪል ላይ አዲስ የተመዘገቡት ተጫዋቾች ለአራቱ ቡድኖች ይከፋፈላሉ። አሠራሩን ጋሽ ሙሉአለም ከሜልቦርን እንዳለ ነው ያመጣው። ባለፈው ዓመት ከሁሉ መጨረሻ የወጣው ቡድን መጀመሪያ ይመርጣል፣ ዋንጫ የበላው አራተኛ ይመርጣል፣ ከዚያ ዙሩ እንደገና ይጀምራል። ያ የመምረጥ ተራ ነው ፒክ የሚባለው። የራስህን ፒክ ለሌላ ቡድን ሰጥተህ በምትኩ የእነሱን መቀበል ትችላለህ፤ እዚህ ላይ ነው ወንድና ሴቱ የሚለየው። ዋናው ስሙ "ድራፍት" ነበር፤ ስብሰባው የሚደረገው በቤተክርስቲያናችን አዳራሽ ስለሆነ ግን ፓስተሩ ከለከሉ። "በአዳራሻችን ድራፍት አለ ተብሎ ሀገር ቤት ድረስ ይወራል" አሉ። ሶ፣ "ምርጫ" ተባለ።

ከንግዴ በፊት በነበረው ዓመት ከሁሉ መጨረሻ የወጣው ሬንተን ነበር፤ የአባቴ ቡድን። አባቴ ዘካሪያስ አውሮፕላን ፋብሪካ ውስጥ የክንፍ ብሎን ሲያስር ውሎ ቅዳሜ አሠልጣኝ የሚሆን ሰው ነው። ራሱ ኳስ ሲይዝ የሰው ሕፃን የተሰጠው ይመስላል። ብቻ መጨረሻ መውጣቱ ጠቀመን፤ አንደኛው ፒክ የእኛ ሆነ። አንደኛ ፒክ ማለት ደግሞ ያን ዓመት አዶኒያስ ማለት ነው። የጋሽ ሙሉአለም የእህት ልጅ ነው፣ ለትምህርት ከሜልቦርን የመጣ። በሁለቱም እግሩ ሃምሳ ሜትር ይለጋል። በሐበሻው መካከል ኳሱን ሳያይ መያዝ የሚችል እሱ ብቻ ነበር።

ጋሽ አበጀ የኤቨረት አሠልጣኝ ነው፤ እሱም እዚያ ፋብሪካ ነው የሚሠራው። እሱና አባቴ በአንድ ዓመት ዲቪ ደርሷቸው መጥተው ሬንተን ውስጥ አንድ መኝታ ቤት ለሦስት ዓመት ተጋርተዋል። ዋንጫውን በልቶ፣ አራተኛና ስምንተኛ ፒክ ይዞ፣ ያ አልበቃው ብሎ አዶኒያስንም ፈለገ። በየምሽቱ እራት ላይ ስንቀመጥ ኮል ያደርጋል፤ አባቴ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ ከሰላጣው አጠገብ ያስቀምጠዋል።

"ዘካሪያስ፣ አራተኛዬን ውሰድና አንደኛህን ስጠኝ።"

"ጤና ነህ አበጀ? አራተኛ በአንደኛ?"

"ስምንተኛውን እጨምርልሃለሁ።"

"ጥርስህን ነቅለህ ብትጨምርበት አልሰጥህም።"

"የትኛውን ጥርስ? እንነጋገር እስቲ።"

አባቴ ጠረጴዛውን እየመታ ይስቃል። እማዬ "እናንተ ሰዎች ሥራ የላችሁም" ትላለች። እኔ ደብተሬን እገልጣለሁ። ደብተሬ ውስጥ የአሥራ አራቱም አዲስ ተመዝጋቢዎች ስም ከነግምገማዬ ነበር። "ሌዊ፦ ቁመት አለው፣ ኳስ ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍናል።" "ሀይለየሱስ፦ በጣም ይሮጣል፣ ወዴት እንደሆነ አያውቅም።" "ጋሽ ጥበቡ፦ ሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። ለምን?" አባቴ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ ኮስተር ይልና "የሬንተን ኤክስፐርት ምን ትላለች?" ይለኛል። "አንደኛውን አንሸጥም" እለዋለሁ። "ሰማህ?" ይላል ስልኩን፣ ቢዘጋም።

የምርጫው ሳምንት ሐሙስ ግን ነገር ተበላሸ። አባቴ ከሥራ ቀደም ብሎ መጣ። የፋብሪካ ጫማውን ሳያወልቅ ምንጣፉን ረግጦ ኩሽና ገባ፤ እማዬ አልተቆጣችውም። ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ። ተንሾካሾኩ። ከዚያ እማዬ ባኞ ቤት ገብታ ቧንቧ ከፈተች፤ ውሃው ወረደ፣ ወረደ። አንኳኳሁ። "ካሚንግ!" አለች ጉንፋን በያዘው ድምፅ። ሳሎን ስመለስ ስልኩ ይጠራል። ጋሽ አበጀ ነው። አባቴ ዝም ብሎ ያየዋል እንጂ አያነሳውም። ቆመ፤ እንደገና ጠራ።

"አቤት፣ አበጀ" አለ በመጨረሻ፣ የታመመ ሰው እንደሚያነጋግር።

"አራተኛና ስምንተኛ። የመጨረሻ ቃሌ ነው፤ ነገ ደግሞ ሌላ የመጨረሻ ቃል ይኖረኛል።"

የጥርሱን መልስ ጠበቅኩ። አባቴ "እናያለን ወንድሜ" አለ። ቀጥሎም "አንተ ግን በልተሃል?" አለው።

በልተሃል! በዚያ ሳምንት ሙሉ "ሌባ"፣ "አሰስ"፣ "የኤቨረት ጅብ" ሲለው የከረመውን ሰው! ደብተሬን ገልጬ "አባዬ ፈርቷል" ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ቧንቧው ለምን እንደተከፈተ አውቃለሁ። ያን ዕለት ጠዋት አሰላ ላይ የጋሽ አበጀ እናት፣ እማማ እናኑ፣ አርፈው ነበር። ዘመዶቹ የደወሉት ለእሱ ሳይሆን ለአባቴ ነው፤ በእኛ ደንብ መርዶ በስልክ አይነገርም። ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ቤቱ ይሄዳል፤ ግራና ቀኙን ይይዙታል፤ ከዚያ ይነገረዋል። እዚህ አገር ያለችው የሥጋ ዘመዱ ዳላስ የምትኖረው እህቱ ብቻ ነበረች፤ ያገኘችው በረራ ደግሞ ሲያትል የሚያደርሳት ቅዳሜ ማታ ነው። ስለዚህ መርዶው እሑድ ማለዳ ሆነ። እስከዚያ ድረስ ጋሽ አበጀ ከማንም፣ በምንም እንዳይሰማ አሰላ ያሉት ሁሉ ስልክ እንዳይደውሉ፣ ፌስቡክ ላይም ፎቶ እንዳይለጥፉ ተለመኑ። በመካከሉ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቅዳሜው ምርጫ።

አርብ አመሻሽ ላይ ሦስቱ አሠልጣኞችና ፓስተሩ ቤታችን ተሰበሰቡ። የሬንተኑ አባቴ፣ የሲያትሉ ጋሽ ሙሉአለም፣ የሬድመንዱ ጋሽ ታምራት፤ የኤቨረቱ የለም። እማዬ "ሂጂ ክፍልሽ" አለችኝ። ሄድኩ። በሩን ግን የኳስ ያህል ክፍት ተውኩት።

"እንሰርዘዋ" አለ ጋሽ ታምራት።

"ከሰረዝነውማ ወዲያው ይጠረጥራል" አለ ጋሽ ሙሉአለም። "ብልጥ ሰው ነው። እንደ ወትሮው እንሁን፤ ይከራከር፣ ይሳደብ፣ ይሳቅ። እኔ ሜልቦርን የደረሰብኝን ታውቃላችሁ። ባቡር ውስጥ ቆሜ፣ በስልክ! እጀታውን እንደያዝኩ አምስት ጣቢያ አልፎኛል። አበጀ ላይ ይሄ አይደገምም።"

እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ጋሽ ሙሉአለም ባቡር ውስጥ በስልክ ፒክ ተሸውዶ ነው አልኩ። የአባቱን ሞት እንደሆነ የነገሩኝ ብዙ ቆይተው ነው።

"እንደ ወትሮው በሉኝ እሺ" አለ አባቴ። "ግን እንዴት አድርጌ ነው የምከራከረው? ድምፁን ስሰማ የሚወጣኝ 'በልተሃል?' ብቻ ነው።"

"አትከራከር፣ ዘካሪያስ" አሉ ፓስተሩ። "የጠየቀህን ስጠው። አንድ ቀን ደስ ይበለው።"

"ኧረ ፓስተር፣ ዝም ብሎ ከሰጠውማ…" ብሎ ጀመረ ጋሽ ሙሉአለም።

"ስጠው" አሉ።

ትራሴን በቡጢ መታሁት። ፓስተሩም የኤቨረት ደጋፊ ናቸው! እሑድ እሑድ ዳዊትና ጎልያድን የሚያስተምሩን እሳቸው ራሳቸው ለጎልያድ ፒክ ይሰጣሉ! ያን ቀን ከመተኛቴ በፊት ለሬንተን የቀረላት ሰው እኔ ብቻ እንደሆንኩ ወሰንኩ።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። ውጭ ያ የማያቋርጠው የኛ ዝናብ አለ፤ ምንጣፉ እርጥብ ጃንጥላ ጃንጥላ ይሸታል። የመዝሙር ከበሮዎቹ በጨርቅ ተሸፍነው ጥግ ተገፍተዋል፤ በቦታቸው ነጭ ሰሌዳ ቆሟል፣ አሥራ አራቱ ስሞች ተጽፈውበት። ጋሽ አበጀ የዋንጫ ቀን ቱታውን ለብሶ፣ ሆን ብሎ ማለት ነው፣ እጁን እያፋተገ ገባ። ሦስት ሰው ባንዴ ወንበር ለቀቀለት።

"ምን ሆናችኋል?" አለ።

ባለፈው ዓመት በአንድ ጎል ምክንያት አንገቱን አንቆት የነበረው ጋሽ ታምራት ሻይ ቀድቶ አመጣለትና "ስኳር ስንት ላድርግልህ?" አለው።

"ጾም ጸሎት ላይ ናችሁ እንዴ ዛሬ?"

ከዚያ ሁሉም ባንዴ፣ ከሚገባው በላይ ሳቁ።

ጋሽ ሙሉአለም ሰሌዳው ጋ ቆሞ ክርክሩን ለማስነሳት ታገለ። "እስቲ ስለ ሌዊ። ቁመቱን አይታችኋል። በሁለተኛ ፒክ ይወሰዳል ወይስ አይወሰድም?"

"ሌዊ ኳስ ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍናል" አለ ጋሽ አበጀ። ይህን ከእኔ ደብተር ነው የወሰደው፤ እራት ላይ በስልክ ሰምቶኝ።

"ልክ ነህ" አለ ጋሽ ታምራት።

"ልክ ነህ? ባለፈው ሳምንት በሌዊ ልትደበድበኝ አልነበር?"

"አይ… አንተ ካልክ ልክ ነው።"

ጋሽ አበጀ ሻዩን አስቀመጠና ዙሪያውን አየ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረ። "ኦኬ። ዘካሪያስ፣ ወደ ሥራችን። አራተኛዬን ውሰድ፣ አንደኛህን ስጠኝ። ስምንተኛውን ትናንት ነበር መቀበል፤ ዛሬ የለም። አራተኛ በአንደኛ፣ ደረቁን።"

አባቴ ከጫማው ላይ ዓይኑን ሳያነሳ "እሺ" አለ።

"እሺ?"

"እሺ። ውሰደው፣ ወንድሜ።"

"እሺ ምን ማለት ነው?"

ጋሽ ሙሉአለም የጸዳውን የሰሌዳ ጥግ እንደገና ያጸዳል። የጋሽ አበጀ ፈገግታ ከዳርና ከዳር እየተበላ ሲሄድ አየሁት። ሊያፌዝብን ነው ብዬ ገመትኩ። ወንበር ላይ ቆምኩ።

"ኖ ዌይ!" አልኩ።

"ሐሴት፣ ቁጭ በዪ" አለች እማዬ።

"አልቀመጥም! ጋሽ አበጀ፣ አታፍርም? ዋንጫ በልተህ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ፒክ ትቀማለህ? አራተኛ ላይ ማን እንደሚቀረን ታውቃለህ? ጋሽ ጥበቡ ናቸው! ጉልበታቸው እኮ ሲታጠፍ እንደ በር ነው የሚጮኸው!"

"ኧረ አንቺ ልጅ፣ እኔ ምን አደረግኩ?" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

አዳራሹ ሳቀ፤ ይሄኛው የእውነት ሳቅ ነበር። የጋሽ አበጀ ፊት ተመለሰ። ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ፣ እጁን አጣመረ፤ መኪና ሻጩ ያየው ጋሽ አበጀ ይሄ መሆን አለበት።

"ማነሽ አንቺ? የሬንተን ጠበቃ ነሽ?"

"ኤክስፐርት ነኝ።"

"እሺ ኤክስፐርት። አባትሽ እሺ ብሏል። ሰው የሚታሰረው በቃሉ ነው።"

"አባዬማ እሺ ያለው ተነግሮት ነው! ትናንት ቤታችን ተሰብስበው 'የጠየቀህን ስጠው፣ አትከራከር' አሉት። እኔ ግን አልተስማማሁም!"

ዝናቡ ጣሪያው ላይ ይሰማ ጀመር። እስከዚያ ድረስ መዝነቡን ረስቼው ነበር።

"ማን አለው?" አለ ጋሽ አበጀ በቀስታ።

"ሁሉም። ፓስተሩም ነበሩ።"

ጋሽ አበጀ ፓስተሩን አየ። ፓስተሩ የሻይ ብርጭቋቸውን ያያሉ። ወደ እማዬ ዞረ። እማዬ ጎንበስ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ የሌለ ነገር ትፈልጋለች። አባቴ ዓይኑን ጨፍኗል፤ እንደ ሌዊ። እኔ ከወንበሬ ላይ ሆኜ ጋሽ አበጀን ትክ ብዬ አየሁት። ሒሳብ እያሰላ ነው አልኩ፤ ትልልቅ አሠልጣኞች ከትልቅ ውሳኔ በፊት እንዲህ ዝም ይላሉ።

ከዚያ ጉልበቱን በጥፊ መታ። "ፈርተውኛል ማለት ነዋ!" ብሎ ሳቀ። "ፓስተሩ ሳይቀሩ ፈርተውኛል!"

የአዳራሹ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ለቀቀ። ጋሽ ታምራት "አዎ፣ እንዴት አንፈራህ!" እያለ ጀርባውን መታው።

"እኔ አልፈራሁህም" አልኩ።

"አየሁ። ስንት ትፈልጊያለሽ?"

"አራተኛና ስምንተኛ።"

"ወስደሻል።"

ሰው እንዲህ ቶሎ ከተስማማ ገና የሚጨምረው አለው፤ ይህን ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው። "የመጪው ዓመት የመጀመሪያ ፒክህንም" አልኩ።

"ወስደሻል።"

"ዓመቱን ሙሉ ለሬንተን ተጫዋቾች ውሃ የምታመጣውም አንተ ነህ።"

"ወስደሻል። ሌላ? ጨረስሽ?"

ጨረስኩ። ተነሥቶ መጣና ወንበሬ ላይ እንደቆምኩ ጨበጠኝ። እጁ በረዶ ነበር። የተሸናፊ እጅ እንዲህ ይቀዘቅዛል ማለት ነው ብዬ ያዝኩት። አንድ ፒክ ሰጥቼ ሦስት ተቀበልኩ! ጋሽ ሙሉአለም ንግዱን ሰሌዳው ላይ ጻፈው። ጋሽ አበጀ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ቆየ። አዶኒያስን መረጠ፤ ሲያጨበጭቡለት ቆሞ እጅ ነሣ። ሳምቡሳውን ግን አልነካም።

ወደ ቤት ስንመለስ ቀይ መብራት ላይ አባቴ መሪው ላይ ተደፋ። ትከሻው ይርገበገባል፤ በደስታ ነው አልኩ። ቀና ብሎ በመስታወቱ አየኝ። "ሐሴትዬ፣ ዛሬ አዳንሽን" አለኝ።

"አውቃለሁ" አልኩት።

እሑድ ገና ሳይነጋ ቀሰቀሱኝ። የሚጠብቀኝ ሰው ስለሌለ በፒጃማዬ ላይ ጃኬት ደርበው ይዘውኝ ወደ ኤቨረት ሄዱ። አምስት መኪና ተከታትለን ነበር። ወንዶቹ ሱፍ ለብሰዋል፤ ሴቶቹ ጥቁር ነጠላ ይዘዋል። አንድ የማላውቃት ሴት ፊቷን ሸፍና ከፓስተሩ መኪና ወረደች። ይህ ሁሉ ሰው ለምን እንደሚሄድ ወዲያው ገባኝ፤ ንግዱን ሊያስፈርሱ ነው! ሽማግሌ ይዘው፣ በማለዳ፣ ሰው ሳይነቃ! ደብተሬን ይዤ ነው የወረድኩት። የጋሽ አበጀን ፊርማ ባላገኝም ጋሽ ጥበቡ ምስክሬ ናቸው።

በሩን ሲያንኳኩ ጋሽ አበጀ ወዲያው ከፈተ። ልብሱን ለብሶ፣ የጫማውን ክር አስሮ ነበር። የፋብሪካ ሰው እሑድም ይነቃል አሉ በኋላ። ፓስተሩ አፋቸውን ሳይከፍቱ ያቺ ሴት "ወንድምዓለም!" ብላ ጮኸች። አባቴ በግራ፣ ጋሽ ሙሉአለም በቀኝ ያዙት። ጋሽ አበጀ እህቱን አቅፎ አለቀሰ። ትልቅ ሰው፣ የኤቨረት አሠልጣኝ፣ እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። የጫማ መደርደሪያው ጋ ቆሜ ደብተሬን ቀስ አድርጌ ከጃኬቴ ሥር ከተትኩት።

ያን ዓመት አዶኒያስ በሁለተኛው ጨዋታ ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበት ወንበር ላይ ከረመ። እኛ በአራተኛው ሀይለየሱስን ወሰድን፤ ወዴት እንደሚሮጥ ከተነገረው በኋላ አንበሳ ሆነ። ሬንተን ሦስተኛ ወጣ፤ ለእኛ ሦስተኛ ማለት ዋንጫ ነው። ንግዴ በታሪክ ተመዘገበ። ይበልጥ የኮራሁት ግን በሌላው ነው። ትንሽ ከፍ ስል ነገሩን ነገሩኝ፤ ከዚያ በኋላማ በሠርግም በልደትም ይነሣል። "ያን ቅዳሜ ሁላችንም አፋችን ተሳስሮ ሲያልብን፣ የሐሴት ምላስ ነው ያወጣን" ይላል ጋሽ ታምራት። "እሷ ባትከራከረው እዚያው ይገባው ነበር።" አባቴ "የማን ልጅ ሆና!" ይላል። እኔም አልቃወም። ትልልቆቹ ያቃታቸውን ምስጢር በአሥር ዓመቴ ጠብቄያለሁ፤ ለአንድ ሰው፣ ዓለም ሳትፈርስበት፣ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ሰጥቼዋለሁ።

ጋሽ አበጀ ግን አንድም ቀን አላመሰገነኝም። እሱ ባለበት ወሬው አይነሣም፤ ሰዉ ያፍራል። እኔ ደግሞ ያለምስጋና መኖር አልችልበትም። በዘንድሮው ምርጫ አባቴ ሥራ ገብቶ የሬንተንን ወንበር የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ስንጨርስ ዝናብ ስለነበር ጋሽ አበጀ "ነይ ላድርስሽ" አለኝ። ሀይዌዩ ተጨናንቆ መኪናው በእግር መንገድ ፍጥነት ይሄዳል። ጊዜው አሁን ነው አልኩ።

"ጋሽ አበጀ፣ ሳታመሰግነኝ ዘጠኝ ዓመትህ እኮ ነው።"

"በምን?"

"በዚያ ቅዳሜ። እማማ እናኑ ያረፉ ጊዜ። ሁሉም ፊታቸው ላይ ሊጽፉልህ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ምስጢሩን የጠበቅኩልህ እኔ ነኝ።"

ጋሽ አበጀ የዝናብ መጥረጊያውን አፈጠነው።

"ለእኔ መርዶ የነገረኝ ማን ይመስልሻል?" አለ።

"ፓስተሩ ናቸዋ። እሑድ።"

"አንቺ ነሽ። ቅዳሜ፣ ወንበር ላይ ቆመሽ። አባትሽ ከእኔ ጋር ሳይከራከር ፒክ የሚሰጠኝ እናቴ ብትሞት ብቻ ነው።"

ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም። ፊት ለፊታችን ያለው መኪና ቀይ መብራቱን አብርቶ ቆመ፤ እኛም ቆምን። የምይዘው ነገር ስፈልግ ያገኘሁት ንግዴን ብቻ ነበር።

"እሺ፣ ንግዱስ?" አልኩት። "ያን ሁሉ የተቀበልኩህ? አንድ በሦስት?"

"እሱማ" አለ ጋሽ አበጀ፣ "አፍሽን እንድትዘጊልኝ ነው።"